የቤት ሙያ፦ የኋላው ፍሬን ሸራ ሲያልቅ



ባለፈው እትማችን ስለ መኪና ባትሪ አያያዝ መወያየታችን ይታወሳል። ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን ደግሞ ከደሴ ከተማ የደረሰን የአንድ ወጣት አንባቢያችን ደብዳቤ ነው። ወንድማችን እንዲህ ይላል፦

«አባቴ ታናናሾቼን ጭኖ በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ፍሬን ሲይዝ ከኋላ በግራ ጎማ በኩል እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ መጥቷል። ጋራዥ ጠይቀን የተነገረን ዋጋ ለዚህ ወር ከአቅማችን በላይ ሆነብን። ሸራውን ገዝቼ ራሴ በግቢያችን ብቀይረው ምን ይመስላችኋል? አባቴ ፈቅዶልኛል፤ እናቴ ግን ፈርታለች።»

ወንድማችን ሆይ፣ አባትህም እናትህም ልክ ናቸው። ሥራው በጥንቃቄ ለሚሠራ ሰው በቤት የሚቻል ነው። ይሁን እንጂ የእናትህ ፍርሃት የሚናቅ አይደለም፤ ጥሩ መካኒክ የሚባለው ይህን ፍርሃት ከእጁ ሳያወጣ የሚሠራው ነውና። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን የአባትን ፈቃድ ከእናት ፍርሃት ጋር ለማስታረቅ የሚሞክር ነው።

ሸራው የሚሠራው ሥራ

እንደሚታወቀው የፍሬን ፔዳል በተረገጠ ጊዜ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ወደ አራቱም ጎማዎች ይሄዳል። በዲስክ ፍሬን ላይ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋዋል፤ ፒስተኑም ሁለቱን ሸራዎች ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ከውስጥና ከውጭ ያጣብቃቸዋል። ሸራዎቹን እንደ መዳፍ አቅፎ የሚይዘው ብረት ካሊፐር ይባላል። መኪናው የሚቆመው በዚህ ፍትጊያ ነው። ፍትጊያው ደግሞ የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

የዚህን ሙቀት ብዛት ለመረዳት የወንድማችንን መንገድ ራሱን እንውሰድ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደርስ መኪና ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወረደ ማለት ነው። ከነተሳፋሪዎቹ 1200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል። አሽከርካሪው ማርሹን ዜሮ አድርጎ ከወረደ ግን አብዛኛው ሸክም በእነዚያ የመዳፍ ግማሽ በማያክሉ ሸራዎች ላይ ያርፋል።

አጎቴ በአሰብ መንገድ ለብዙ ዓመታት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነበር። በልጅነታችን ከጎኑ ስንቀመጥ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ፍሬን ለመቆሚያ ነው እንጂ ለመውረጃ አይደለም» ይለን ነበር። ይህ ምክር ዛሬም የሸራን ዕድሜ ከሚያረዝሙ ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

ሸራ የሚለው የአማርኛ ስምም ከታሪኩ ጋር የሚስማማ ነው። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ1897 እ.ኤ.አ. የፍሬን ገጽ መሥራት ሲጀምር፣ የቀደሙት ሥራዎች ከተሸመነ ጥጥ የተዘጋጁ ነበሩ። ቆይቶ ሙቀትን እንዲችል አስቤስቶስ የተባለው ማዕድን ገባበት። አስቤስቶስ ግን ብናኙ ወደ ሳንባ ሲገባ ካንሰር እንደሚያስከትል በመረጋገጡ ብዙ አገሮች ከልክለውታል። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

የኋላው ፍሬን ለምን ይረሳል?

መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከማቆሙ ሥራ አብዛኛውን የሚሸከመው የፊት ፍሬን ነው። በዚህም ምክንያት በብዙ መኪኖች የፊቱ ሸራ ሁለት ጊዜ ሲቀየር የኋላው አንድ ጊዜ ብቻ ሊቀየር ይችላል። ለዚህ ነው የኋላው የሚረሳው። ነገር ግን የኋላው ፍሬን ሌላም አደራ አለበት፤ በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። በዳገት ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተኙ ሕፃናትን ይዞ የሚያድረው እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ የኋላውን ሸራ ማየት ያስፈልጋል፦

አንደኛ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት። በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሳስቶ ሊያልቅ ሲል ምላሷ ዲስኩን ትነካና ትጮኻለች። የወንድማችን መኪና የምትናገረው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ። ይህ ከተሰማ ማስጠንቀቂያው አልፏል፤ ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን እየበላው ነው። መኪናው ከዚያ በኋላ መንቀሳቀስ የለበትም።

ሦስተኛ፣ የፍሬን ዘይት ሳይፈስ ከመያዣው ውስጥ ቀስ በቀስ ዝቅ ማለቱ። ሸራው በሳሳ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዘይቱ የእርሱን ቦታ ይሞላል።

በተረፈ ጎማውን ፈትቶ ማየት ከሁሉም ይበልጣል። ከጀርባው ብረት በላይ የቀረው ሸራ 3 ሚሊሜትር ገደማ ከደረሰ መቀየር ይገባዋል። የውስጠኛውንም ማየት እንዳይረሳ፤ ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስል ፍሬን የውስጥ ሸራው ያለቀ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሸራ ሲገዛ

አዲስ አበባ ላለ ሰው ሶማሌ ተራ የታወቀ የመለዋወጫ መንደር ነው። በየክፍለ ሀገሩም መለዋወጫ ቤት አይጠፋም። የትም ይሁን የት፣ የመኪናውን ስም ብቻ ነግሮ መግዛት አይበቃም። አንዱ የመኪና ዓይነት በየዓመተ ምሕረቱ የተለያየ ሸራ ሊኖረው ይችላልና። የሚሻለው አሮጌውን ሸራ ፈትቶ ይዞ መሄድና ከአዲሱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ማመሳሰል ነው። ቅርጹ፣ የጆሮዎቹ ስፋትና የብረት ምላሷ ያለችበት ጎን አንድ መሆን አለባቸው። ሸራው በብረቱ ላይ ስንጥቅ ሳይኖረው በደንብ የተያያዘ መሆኑን፣ የጠርዙም ፍርፋሪ በጣት ሲታሽ የማይረግፍ መሆኑን ይመልከቱ።

ሸራ የሚቀየረው በጥንድ ነው፤ የግራው ብቻ ቢያልቅም የቀኙ አብሮ ይቀየራል። በአንድ በኩል አዲስ በሌላ በኩል አሮጌ የሆነ ፍሬን መኪናውን በድንገተኛ አያያዝ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ሊጎትተው ይችላል። የግራው ከቀኙ ይልቅ አብልጦ አልቆ ከተገኘ ደግሞ ምክንያት አለው፤ ከዚህ በታች እናየዋለን።

አዲስ ሸራ በአሮጌው ብረት ላይ በተራ ማጣበቂያ በቤት ለመለጠፍ መሞከር ፈጽሞ አይገባም። ያ ሥራ ሙቀትና ከፍተኛ ግፊት የሚፈልግ ነው።

መኪናውን ማን ይይዘዋል?

የኋላ ፍሬን ሥራ ከፊተኛው የሚለይበትን ነጥብ አንባብያን በተለይ እንዲያስተውሉት እንፈልጋለን። የፊት ጎማ ሲፈታ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ የኋላ ጎማዎቹን ይይዛል። የኋላው ሲፈታ ግን የእጅ ፍሬኑ ራሱ መለቀቅ አለበት፤ አለበለዚያ ሸራው አይወጣም፣ ፒስተኑም አይመለስም። ስለዚህ ዘወትር የምንተማመንበት ያዥ በዚያች ሰዓት የለም ማለት ነው።

በመሆኑም ቦታው ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። ተዳፋት ላይ ወይም ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ አይሠራም። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ። ሞተሩ የፊት ጎማዎችን በሚያዞርበት መኪና አንደኛ ማርሽ ውስጥ መተዉ ተጨማሪ እገዛ ነው። የኋላ ጎማዎችን በሚያዞረው መኪና ግን ጎማው ከመሬት ከተነሣ በኋላ በማርሽ መታመን አይቻልም።

ዳዶዎቹ ጎማው መሬት ላይ ሳለ በትንሹ ይላላሉ። ከዚያ መኪናው አምራቹ ባመለከተው ቦታ በክሪክ ይነሣል። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። መኪናው ከተነሣ በኋላ ከሥሩ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ሊቆምለት ይገባል። ብሎኬት ከመኪና በታች ማስገባት በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ምልክት ሳይሰጥ በአንዴ ይፈርሳል። የተፈታውንም ጎማ ከመኪናው ጎን ሥር ማስተኛት ጥሩ ልማድ ነው፤ ድንገት ቢወርድ ጎማው ላይ ያርፋል።

ሕፃናት በዚህ ጊዜ ከግቢው ይራቁ። ለሥራው አንድ ረዳት ቢኖር መልካም ነው፤ ታላቅ ልጅ ወይም ልጅት ባትሪ ይዘው ብሎኑን በሳሕን ቢያኖሩ እነርሱም ይማራሉ። ይሁን እንጂ ረዳቱ ሳይታዘዝ የፍሬኑን ፔዳል እንዳይነካ አስቀድሞ ይነገረው። ካሊፐሩ ክፍት ሳለ ፔዳል ከተረገጠ ፒስተኑ ከቤቱ ሊወጣ ይችላል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. አንድ ጎን ብቻ ይፈታ። ሌላው ጎን ሳይነካ ይቆይ፤ መግጠም ሲያደናግር ሄዶ ለማየት ይጠቅማል። በስልክ ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ።

2. ብናኙን በአፍ እፍ ማለትም ሆነ በአየር ግፊት ማራገፍ አይገባም። ያረጀ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ በውኃ በራሰ ጨርቅ መጥረግና ጨርቁን በፌስታል ጠቅልሎ መጣል ይሻላል። የሥራ ልብስ ከሕፃናት ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ።

3. ካሊፐሩ ብዙ ጊዜ በሁለት ብሎኖች የታሰረ ነው። በብዙ ትናንሽ መኪኖች 12 ወይም 14 ቁጥር ቁልፍ ይፈታቸዋል። ካሊፐሩ ሲወጣ በላስቲኩ ቱቦ እንዳይንጠለጠል፤ በሽቦ ከላይ ይታሰር። በክብደቱ የተጎተተ ቱቦ ዛሬ ባይቀደድ ነገ ይቀደዳል።

4. ዲስኩ ይታይ። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ቦይ፣ ስንጥቅ ወይም በሙቀት የሰማየዊ መልክ ያለው ከሆነ ለባለሙያ ይቅረብ። ብዙ ዲስኮች ላይ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት በቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ ያነሰ ዲስክ ቶርኖ ቤት ተወስዶም አይድንም፤ ይቀየራል።

5. ካሊፐሩ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ዘንጎች አሉ። በእጅ ሲገፉ በቀላሉ መሄድ አለባቸው። አንዱ ዝጎ ከተያዘ ካሊፐሩ አንዱን ሸራ ብቻ ይጫናል፤ «ለምን የአንዱ ጎን ብቻ አለቀ?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው። ዘንጎቹ ተጠርገው ሙቀት የሚችልና ለፍሬን የተሠራ ግራሶ ይቀቡ። ተራ ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

6. አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። አስቀድሞ የፍሬን ዘይት መያዣው ክዳን ይከፈትና ዘይቱ እንዳይፈስ ይጠበቅ፤ ፒስተኑ ሲመለስ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣልና። የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል፤ ከነካም ወዲያው በውኃ ይታጠብ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ካሊፐሩ ላይ ራሱ የታሰረ ከሆነ፣ ለምሳሌ የኋላ ዲስክ ባለው አራተኛው ትውልድ ጎልፍ ላይ እንዳለው፣ ፒስተኑ በሞርሳ ተጨምቆ አይመለስም፤ እየተጫኑ በማዞር ነው የሚመለሰው። በብዙዎቹ የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው፤ የመኪናውን መመሪያ ማየት ግን ይገባል። በግድ የተጨመቀ እንዲህ ያለ ፒስተን የውስጥ ጥርሱ ይሰበርና ካሊፐሩ ይበላሻል። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ለብቻው ወደ ዲስኩ መሐል የሚገባ ከሆነ ግን ፒስተኑ በትንሽ ሞርሳ ቀስ ተብሎ ይገፋል። የእጅ ፍሬኑ በቁልፍ ተጭኖ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ መኪና ደግሞ በመሣሪያ ካልታዘዘ ፒስተኑ አይለቅም። እንዲህ ያለው መኪና ለቤት ሥራ አይሆንም።

7. አዲሶቹ ሸራዎች ይገባሉ። የሚፋቀው ገጽ ወደ ዲስኩ ይሁን። ይህን መናገር ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሲመሽና ሲደክም ተገልብጦ የተገጠመ ሸራ ታይቷል። ገጹን በዘይት እጅ መንካት አይገባም።

8. የካሊፐሩ ብሎኖች ይጠበቁ፤ ጎማው ይመለስ። ዳዶዎቹ በዙሪያ ሳይሆን በመስቀለኛ ተራ ይጠበቁ፤ መጨረሻውም መኪናው መሬት ከነካ በኋላ ይሁን። ከዚያ ሌላው ጎን እንዲሁ ይሠራል።

ሥራው ያላለቀባት ደቂቃ

አሁን ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቤታችንን መኪና የኋላ ሸራ ከላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል ቀየርኩ። ታኮውም ድጋፉም በቦታው ነበር፤ ዳዶው ሁሉ ጠብቋል። ዙሁር ሳይደርስ በመጨረሴ በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። እጄን ታጥቤ ሞተሩን አስነሣሁና ሙከራ ልወጣ የሰባት ዓመቱን ልጄን «በሩን ክፈትልኝ» አልኩት። መኪናውን ከሠራሁበት ደልዳላ ቦታ ወደ ኋላ ሳንቀሳቅሰው ወደ በሩ በሚያዘነብለው የግቢያችን ክፍል ላይ ደረሰ። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ጥቂት ያዘ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ እርሱም ልል ነበር። በሦስተኛው ርግጫ መኪናው ቆመ። በመኪናውና በብረቱ በር መካከል የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። ልጄ የበሩን መቀርቀሪያ እየጎተተ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ምንም አላየም። አልሐምዱሊላህ።

ስሕተቱ የሸራውም የመኪናውም አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ስለተመለሱ በእነርሱና በአዲሱ ሸራ መካከል ባዶ ቦታ ነበረ። የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ያን ባዶ ቦታ ለመሙላት ብቻ ይውላሉ፤ መኪና አያቆሙም። እኔ እነዚያን ርግጫዎች ቆሜ በመርገጥ ፈንታ ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ሳለ ረገጥኳቸው። የሚያሳዝነው ደግሞ ነገሩን አለማወቄ አይደለም፤ አጎቴ ነግሮኝ ነበር። ነገር ግን የመጨረሻው ዳዶ ሲጠብቅ ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ከላይ ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህ ይሁን፦ የፍሬን ሥራ የሚያልቀው ጎማው ሲገጠም አይደለም፤ ፔዳሉ ሲጠነክር ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ታኮው ሳይነሣ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ፔዳሉ በእርጋታ ደጋግሞ ይረገጥ፤ ከፍ ብሎ እስኪጠነክር ድረስ። ከዚያ የፍሬን ዘይቱ መጠን ይታይ። ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ይሳብና ይለቀቅ፤ መያዙም ይረጋገጥ። አሁን ሞተሩ ይነሣ። ፔዳሉ ላይ እግር ተጭኖ ሳለ ሞተር ሲነሣ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የጤና ነው። ግማሽ ደቂቃ ተጭነው ሲይዙት እየሰመጠ የሚሄድ ከሆነ ግን ዘይት የሚያፈስ ወይም የሚያልፍበት አለ፤ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰም አየር ገብቷል፤ መኪናው አይንቀሳቀስ። ሁሉም ደህና ከሆነ ብቻ ታኮው ይነሣል። ከፊትም ከኋላም ሰው በሌለበት በእግር ጉዞ ፍጥነት ተሂዶ ፍሬኑ ይሞከራል።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ጭር ባለ ሜዳ መንገድ ላይ ከ50 ኪሎሜትር ገደማ ፍጥነት ወደ 10 በመጠኑ እየያዙ መቀነስ፣ በየመካከሉም እንዲበርድ እየሄዱ አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም ያላምደዋል። እስከዚያ ድረስ ሐረጎም ሆነ ሌላ ቁልቁለት አይወረድም። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተሄደ በኋላ ዳዶዎቹ ዳግም ይፈተሹ።

የኋላው ታምቡር ቢሆንስ?

በአገራችን በብዛት ከሚታዩት ትናንሽ መኪኖች ብዙዎቹ፣ ለአብነት ያህል ቪትዝ፣ ከኋላ ያላቸው ዲስክ ሳይሆን ታምቡር ነው። በታምቡር ውስጥ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሸራዎች ወደ ውጭ ተከፍተው ከታምቡሩ ውስጠኛ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ። አልወጣ ያለ ታምቡር በመዶሻ ከመቀጥቀጥ በፊት ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች መኖራቸው ይታይ፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ በእነርሱ ውስጥ 8 ሚሊሜትር ብሎኖች በእኩል ሲጠበቁ ታምቡሩን ገፍተው ያወጡታል።

የታምቡር ሸራ ግን በጠንካራ ሞላዎች የተወጠረ ነው። ሞላው ካመለጠ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ የየራሱ ቦታና አቅጣጫም አለው። ስለዚህ የመጀመሪያ ልምምድን በታምቡር መጀመር አንመክርም። ፈትቶ ማየትና መጥረግ ይበቃል፤ መቀየሩን አንድ ጊዜ ከባለሙያ ጎን ቆሞ ካዩ በኋላ ይሞክሩት።

ከቤት የሚወጣ ሥራ

ዘይት የሚያፈስ ካሊፐር ወይም ሲሊንደር፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ አልመለስ ያለ ፒስተን፣ በዘይት የራሰ ሸራ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የማይጠፋ የፍሬን መብራት ከተገኘ መኪናው ወደ ባለሙያ ይሂድ፤ በራሱ ሳይሆን ተጎትቶ። የፍሬን ዘይት ሲጨመርም በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ይሁን። የሞተር ዘይት በስሕተት ቢጨመር የፍሬኑን ላስቲኮች በሙሉ ያሳብጣቸዋል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ለዓመታት ክፍት የቆየ ጠርሙስ አይጠቅምም። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ይህ መጠን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ የፈላ የፍሬን ዘይት ደግሞ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል።

ወንድማችን ሆይ፣ ለእናትህ እንዲህ በላት፦ «አንቺ ሳታዪ መኪናው ከግቢ አይወጣም።» ፔዳሉን ስትረግጥ አጠገብህ ትቁም፤ መጠንከሩንም በገዛ እግሯ ረግጣ ታረጋግጥ። አባትህም ታናናሾችህን ሳይጭን የመጀመሪያውን ሙከራ በሜዳው መንገድ ላይ ያድርግ። ሰበቡን ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው፤ መጠበቁ የአላህ ነው። ሠርተህ ስትጨርስ ያጋጠመህን ጻፍልን።

በሚቀጥለው እትማችን ስለ ጎማ አያያዝና ስለ ነፋስ ልክ እንወያያለን፤ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።